የመተማ ሌሊት በጥቁር ወረቀት ላይ

ዕድሜዬን ሙሉ እጄን በሳሙናና በአልኮል ሳጸዳ ኖሬ፣ አሁን በስድሳዎቹ ዕድሜዬ ጣቶቼ ሰማያዊ ሆነው እራት እቀርባለሁ። የልጅ ልጄ እጄን አይታ «እማማ፣ ዛሬም ሰማይ ሲነኩ ዋሉ?» ትለኛለች። እውነቷን ነው። ካለፈው ዓመት ጀምሮ ሥራዬ አንዲት ሌሊት መሣል ሆኗል። ሌሊቷ የመተማ ቆላ ሌሊት ናት፤ ካለፈች ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆኗታል። አንዲት ሌሊት ይህን ያህል ጊዜ ለምን እንደወሰደችብኝ እነግራችኋለሁ፤ መጀመሪያ ግን ነገሩ እንዴት እንደተጀመረ ላውራ።

የልጅ ልጄ ከውጭ አገር የመጣላት የፓስቴል ሳጥን ነበራት። እሷ እርሳስ ስለምትወድ ሳጥኑ መደርደሪያ ላይ አቧራ ለብሶ ከረመ። አንድ ቀን ቤት ሳጸዳ ከፈትኩት። ጣት የሚያክሉ 24 ዘንጎች በየቀለማቸው ተደርድረዋል። ፓስቴል የቀለም ዱቄት ከነጭ ጠመኔ መሰል ነገርና ከጥቂት ሙጫ ጋር ተለውሶ፣ በዘንግ መልክ ተሠርቶ የደረቀ ነው። ውሃ አይፈልግም፣ ብሩሽ አይፈልግም፣ እስኪደርቅ አይጠበቅም፤ ወረቀት ላይ አስነክተው በጣት ያሹታል። ዘይትና ሰም ያለበት ሌላ ዓይነትም አለ፤ እኔ የማወራው ስለ ደረቁና ስለ ለስላሳው ነው። የአስተማሪ ጠመኔ የቅርብ ዘመዱ ነው ቢባል ስህተት የለውም።

ጠመኔ ከሆነ ደግሞ አውቀዋለሁ። ጎንደር በነርስነት በዲፕሎማ ተመርቄ ወደ ቆላ ስመደብ፣ ጠዋት ጠዋት ታካሚዎች ተራ ሲጠብቁ የጤና ትምህርት እንሰጥ ነበር። ፖስተር ሲጠፋ በጥቁር ሰሌዳ ላይ በጠመኔ የወባ ትንኝ እሥላለሁ፤ ስታርፍ ኋላዋን ወደ ላይ ቀስራ እንደሆነ ለማሳየት። አንድ ቀን አንድ ሽማግሌ ሰሌዳውን ትክ ብለው አይተው «ልጄ፣ ይቺስ ግመል ናት» ብለው ሰውን ሁሉ አሳቁብኝ። እንግዲህ ጥቁር ነገር ላይ መሣል የጀመርኩት ያኔ ነው፤ የመጀመሪያው ሥዕሌም ግመል ተባለ።

ሳጥኑን ካገኘሁ ጀምሮ ልሠራ የፈለግሁት ሌሊቱን ነበር። በነጭ ወረቀት ጀመርኩ። ጥቁሩን ዘንግ ይዤ ወረቀቱን ሞላሁት፤ ዘንጉ ግማሽ ደረሰ። የወጣልኝ ግን ሌሊት ሳይሆን የምጣድ ቂጥ ነው። የቱንም ያህል ብደራርበው ከሥር ነጩ በየቦታው ብቅ ይላል። ከላይ ፋኖስ ላስቀምጥ ስል ደግሞ ቢጫው ከጥቁሩ ጋር ተለውሶ አመድ ይሆናል።

በሰፈራችን ሥዕል የተማረ ወጣት አለ። አሳየሁት። ሳይስቅብኝ አየውና «እትዬ፣ ለምን ይደክማሉ? ጨለማውን ወረቀቱ ይሥራልዎት። እርስዎ ብርሃኑን ብቻ ያስቀምጡ» አለኝ። የሥዕል ወረቀት ውድ ስለሆነም ከሕንፃ መሣሪያ መደብር ደቃቁን ጥቁር ብርጭቆ ወረቀት እንድገዛ መከረኝ፤ ቀለም ቀቢዎች የሚጠቀሙበትን። ሸካራ ስለሆነ የፓስቴሉን ዱቄት ይዞ ያስቀረዋል። ባለሱቁ «ለምን ሥራ ነው እናቴ? ለበር ነው ለመስኮት?» አለኝ። «ለሌሊት» አልኩት፤ አልገባውም፣ እኔም አላብራራሁለትም።

ልዩነቱ ወዲያው ታየኝ። በነጭ ወረቀት ላይ የሚሥል ሰው ጥላ ይጨምራል፤ በጥቁር ወረቀት ላይ የሚሥል ብርሃን ይጨምራል። ቅደም ተከተልም አለው። መጀመሪያ ከወረቀቱ ብዙም የማይለዩትን፣ ጥቁር ሰማያዊውን፣ ወይን ጠጁንና ጥቁር ቡናማውን በስሱ ማስነካት ነው። ቀጥሎ መካከለኞቹ ይገባሉ። ደማቁ ቢጫና ነጩ መጨረሻ ናቸው፣ ያውም በቁጥር። ነጩን ቀድሞ ያፈሰሰ ሰው ገበያ ሳይደርስ ገንዘቡን እንደጨረሰ ነው፤ ለፋኖሱ እሳት የሚሆን ብርሃን አይተርፈውም። ወረቀቱን ሁሉ መሙላትም አያስፈልግም። ሳይነካ የቀረው ቦታ ራሱ ሌሊት ነው።

ለካስ ይህን ያወቁ ብዙ ናቸው። ፈረንሳዊው ኤድጋር ደጋ በ1870ዎቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፣ የፓሪስን የምሽት ሙዚቃ ቤቶች ሲሥል መጀመሪያ ምስሉን በጥቁር ቀለም ያትምና፣ በዚያ ጨለማ ላይ የመብራቱንና የዘፋኟን ቀሚስ ብርሃን በፓስቴል ያስቀምጥ ነበር። ዓይኑ እየደከመ ሲሄድም ፓስቴልን አልተወም። የእኛው እስክንድር ቦጎሲያን ደግሞ በ1964 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር «የፍርሃትና የደስታ የሌሊት በረራ» የሚባል ሥዕል ሠርቷል፤ ሥዕሉ ዛሬ አሜሪካ፣ በሰሜን ካሮላይና የሥነ ጥበብ ሙዚየም ይገኛል። ርዕሱን ስሰማ «ይህ ሰው የሌሊት ተረኛ ነበር እንዴ?» አልኩ። ፍርሃትና ደስታ በአንድ ሌሊት እንደሚመጡ ነርስ ታውቃለች፤ በዚህኛው ክፍል ሕፃን ሲያለቅስ በዚያኛው ክፍል እናት ታለቅሳለች።

የቫን ጎግን ከዋክብት የሞሉባት ሌሊት ብዙዎቻችሁ በቀን መቁጠሪያም በኩባያም ላይ አይታችኋታል። በዘይት ቀለም ነው የሠራት፣ በአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ፣ በእኛ አቆጣጠር በሰኔ 1881። ይህ ዓመት መተማን ለሚያውቅ ሰው ሌላ ትርጉም አለው። በዚያው ዓመት በመጋቢት አፄ ዮሐንስ 4ኛ ከድርቡሾች ጋር ሲዋጉ እዚያ ወደቁ፤ ከተማዋም መተማ ዮሐንስ ተብላ ስማቸውን ይዛ ቀረች። ቫን ጎግ ያቺን ሌሊት የሠራት በመስኮቱ ያየውን እያስታወሰ በቀን መሆኑን ሳነብ ልቤ ረጋ። እኔም ሌሊቴን የምሥለው ከምሳ በኋላ ነው።

ሌሊትን ለመሣል ዓይን በጨለማ እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ ይጠቅማል፤ ይህ እንኳ ወደ ሙያዬ ይጠጋል። በዓይናችን ውስጥ ሁለት ዓይነት ብርሃን ተቀባይ ሕዋሳት አሉ። አንዶቹ በቀን ይሠራሉ፣ ቀለምም ይለያሉ። ሌሎቹ የጨለማ ናቸው፤ ቀለም አይለዩም፣ በደንብ እስኪለምዱም ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይፈጅባቸዋል። ቫይታሚን ኤ የጎደለው ሰው እነዚህኞቹ ስለሚደክሙበት ሲመሽ ማየት ያቅተዋል፤ ዳፍንት የምንለው እሱ ነው። ሲመሻሽ ደግሞ ቀይ ነገር ቀድሞ ይጠቁራል፣ ሰማያዊ ቆየት ብሎ ይታያል። ይህን ፑርኪንየ የተባለ የቼክ ሐኪም በ1825 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ጽፎታል። ስለዚህ በሌሊት ሥዕል ከመብራት የራቀ ቀይ ሻሽ ቀይ ተደርጎ አይሠራም።

ከዚህ ሁሉ ግን አንዱን ያዙልኝ። ፋኖስ አጠገብ የቆመ ሰው ዓይኑ ፋኖሱን ስለሚለምድ ከብርሃኑ ወዲያ ያለውን አያይም። ጨለማ ውስጥ ያለው እሱን ያየዋል፤ እሱ ግን ጨለማ ውስጥ ያለውን አያየውም።

አሁን ወደ ሌሊቷ ልምጣ። ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ካላት ጎንደር ተነስቶ በአዘዞ በኩል ወደ መተማ የሚወርድ ሰው፣ 700 ሜትር ገደማ ላይ ሲደርስ ሌላ አገር የገባ ይመስለዋል። መሬቱ ጥቁር ዋልካ ነው፤ ክረምት እግር ይይዛል፣ በጋ እግር እስኪያስገባ ይሰነጠቃል። ሰሊጥ፣ ጥጥና ማሽላ ይበቅልበታል፤ ወደ በረሃው ጠለቅ ሲሉ የእጣን ዛፍ አለ። በመጋቢትና በሚያዝያ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል፤ ሰው አልጋውን ደጅ አውጥቶ ያድራል። ከድንበሩ ማዶ የሱዳኗ ገላባት ናት። ሌሊት ከሩቅ ለሚያይ የእነሱ መብራትና የእኛ መብራት አይለይም።

ሰሊጥ ሲደርስ ጊዜ አይሰጥም፤ ፍሬው ሳይረግፍ መታጨድ አለበት። ስለዚህ ከመስከረም ወዲያ ከደጋው ወጣቶች በብዛት ለአጨዳ ይወርዳሉ። የታጨደው ሰሊጥ በነዶ ታስሮ፣ እርስ በርሱ ተደጋግፎ እንዲደርቅ ይቆማል፤ ሂላ ይሉታል። አጫጁ ግን እንደ ሰሊጡ እንኳ የሚደገፍበት የለውም፤ ከዳስ ሥር፣ ከግራር ሥር፣ በተሰነጠቀው መሬት ላይ ያድራል። ዋናው የወባ ወቅትም ያው ከመስከረም እስከ ኅዳር ነው። በመሬቱ ስንጥቅና በዛፎቹ ሥር ደግሞ ካላዛርን የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ አለች። ከትንኝ እጅግ ታንሳለች፣ ድምፅ የላትም፣ የምትናከሰውም በሌሊት ነው። የደጋው ልጅ ለሁለቱም በሽታ ባዳ ነው።

ነገሩ የሆነው በ1980ዎቹ አጋማሽ፣ በጥቅምት፣ ጨረቃ በሌለችበት ሌሊት ነው። ስሙን በማልጠራው አንድ የቆላ ጤና ጣቢያ የሌሊት ተረኛ ነበርኩ። ለጄኔሬተሩ ነዳጅ አልነበረም፤ የነበረን አንድ ፋኖስ ነው። አልጋዎቹ ሞልተው ሰው በረንዳው ላይ በሰሌን ተኝቷል። ከምሽቱ አምስት ሰዓት ገደማ ሁለት ወንድማማቾች መጡ። ታላቁ ታናሹን በጀርባው አዝሎ ከእርሻው ድረስ በእግሩ መምጣቱ ነው። «እህት ዓለም፣ ወንድሜን አድኝልኝ» አለኝ።

ታናሹ ልጅ እግር ነው። ሰውነቱ እንደ ምጣድ ይፋጃል፣ ይቃዣል። ፋኖሱን ራስጌው አስቀምጬ ኪኒን ጀመርኩለት፣ ግንባሩን በእርጥብ ጨርቅ አበረድኩ። ታላቁ ከብርሃኑ ጠርዝ ቆሞ ያየኛል። ፋኖሱን ሳላነሳ፣ ቀናም ሳልል «አንተስ ደህና ነህ?» አልኩት። «እኔ ደህና ነኝ፣ እሱን እይልኝ» አለ። ድምፁ ደህና ነበር። ከዚያ ጋቢውን ተከናንቦ ከበረንዳው ወረደና ወደ ግራሩ ሥር ሄደ።

ጋቢውን ተከናንቦ። በዚያ ሙቀት፣ እኔ በላብ ርሼ፣ ሌላው ሰው ደረቱን ገልጦ በተኛበት ሌሊት። በእንዲህ ያለ ቦታ ጋቢ የሚከናነብ ሰው ብርድ ብርድ ያለው ሰው ነው። ይህን ለመረዳት ዲፕሎማም አያስፈልግም ነበር፤ እኔ ግን ዲፕሎማውም ነበረኝ።

ሲነጋ ታናሹ ትኩሳቱ ቀንሶለት ውሃ ጠየቀ። ቀጥሎ ወንድሙን ጠየቀ። ግራሩ ሥር ስንደርስ ቢጠሩት አይሰማም፣ ዓይኑ አይገለጥም። ወባው ወደ አንጎሉ ወጥቶ ነበር። የምንችለውን ሁሉ አደረግን። ቀትር ሳይደርስ አረፈ። ታናሹ ከአልጋው ሆኖ «ወንድሜ የት ሄደ?» ሲለኝ ምን እንደመለስኩለት ዛሬም አላስታውስም።

ማንም አልወቀሰኝም። የሥራ ባልደረቦቼ «ሲመጣም ዘግይቶ ነበር» አሉኝ። ምናልባት እውነት ነው። ፋኖሱን ማንሳት ግን ይቻል ነበር። ከበረንዳው ጠርዝ እስከ እሱ አንድ እርምጃ ነበር።

ይህን ነው ስሥል የከረምኩት። የመጀመሪያው ሥዕል ቆንጆ ወጣ። በረንዳው አለ፣ ፋኖሱ አለ፣ የተኙት አሉ፣ ነጭ ጋወን የለበሰች ነርስ ጎንበስ ብላለች። ልጄ ሳሎን ልስቀለው አለችኝ። እኔ ግን ዓይኔ ከጥጉ አልነቀል አለ። ግራሩ መቆም የነበረበት ቦታ ባዶ ጥቁር ነው። ያን ሌሊት ያጠፋሁትን ወረቀት ላይ ደገምኩት ማለት ነው፤ አሁንም ብርሃኑን ታናሹ ላይ ብቻ አስቀምጬ ታላቁን ትቼዋለሁ። ሥዕሉን መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት።

በሁለተኛው ሥዕል ታላቁን አስገባሁት። ጋቢውን በነጭ ሠራሁት፣ ለፊቱ ብርቱካናማ ብርሃን ሰጠሁት። ሥዕል የተማረው ወጣት አይቶ «ይሄ ልጅ ብርሃኑን ከየት አገኘ እትዬ? ፋኖሱ እኮ ወዲያ ነው» አለኝ። የጠየቀኝ ስለ ሥዕል ሕግ ነበር፤ እኔን ግን ሌላ ቦታ ነካኝ። እውነትም ብርሃን አልደረሰውም። ፊቱንም አላየሁትም፤ የሠራሁለት ፊት ከሌሎች ታካሚዎች ያዋጣሁት ነው። ያኔ ያልሰጠሁትን ብርሃን አሁን ሰጥቼ እንደሰጠሁት ልቆጥረው ኖሯል። ይህንንም መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት።

ሦስተኛው ላይ ቸኮልኩ አልልም፤ ሁለት ወር ፈጀብኝ። አዲስ ጥቁር ወረቀት ወሰድኩ። የግራሩን ግንድ በጥቁር ሰማያዊ አስነካሁት። ከሥሩ የተቀመጠ ሰው ቅርፅ በወይን ጠጁ፣ እጄን ሳልጫን ሠራሁ። የጋቢው ጥለት ላይ አመድማ ሰማያዊ አንድ ክር ብቻ አሳለፍኩ። ፊት አልሠራሁለትም። ከዚያ በረንዳውን፣ የተኙትን፣ መጨረሻ ላይ ፋኖሱን ሠራሁ። ነጩን ዘንግ የነካሁት ሦስት ጊዜ ነው፤ ለፋኖሱ እሳት፣ ለውሃ ጣሳው ጠርዝ፣ ለታናሹ ግንባር። በሥዕሉ ፊት ቆም ያላለ ሰው ግራሩን እንጂ ሰውየውን አያየውም።

መሞከር ለምትፈልጉ ሁለት ነገር ልንገራችሁ፣ እንደ ነርስ። የፓስቴል ዱቄት በአፍ እፍ አይባልም፤ ወደ ሳንባ ይገባል፣ አንዳንዱ ቀለምም መርዛማነት አለው። ወረቀቱን ደጅ አውጥታችሁ አዘንብላችሁ መታ መታ አድርጉት፣ ጠረጴዛውን በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉ፣ እጃችሁን ሳትታጠቡ አትብሉ፣ ለሕፃናት አታስጨብጡ። ሥዕሉን መስተዋት ባለው ፍሬም አስገቡት፤ ነገር ግን መስተዋቱ እንዳይነካው በመካከል ወፍራም ካርቶን ይደረግ፤ ከነካው ሌሊቱ መስተዋቱ ላይ ይቀራል።

ሥዕሉ አሁን ሳሎን ተሰቅሏል። እንግዳ ሲመጣ «ደስ የሚል ሌሊት ነው» ይላል፣ ቡናውን ይጠጣል፣ ይሄዳል። እኔም አላስረዳም። ባለፈው ሰሞን ግን መብራት ጠፍቶ የልጅ ልጄ ሻማ ይዛ ፊቱ ቆመች። ቆየች።

«እማማ፣ እዚህ ዛፍ ሥር ሰው አለ እንዴ?»

«አለ» አልኳት።

«ማነው?»

ተቀምጣ ሰማችኝ። ለማንም ስነግር የመጀመሪያዬ ነበር። ስጨርስ «ከዚያስ ምን አደረጉ?» አለችኝ። ለዚህ እንኳ መልስ ነበረኝ። ከዚያች ሌሊት በኋላ ጡረታ እስክወጣ ድረስ፣ የታመመ ሰው ይዞ የመጣውን ሰው ፊቱን በብርሃን ሳላይ፣ ግንባሩን ሳልዳስስ አላሳለፍኩም። ፋኖሱን ከማስቀመጤ በፊት በግቢው ውስጥ ያለውን ዛፍ ሁሉ እዞር ነበር። ወጣት ነርሶች «ሲስተር ደግሞ ጤነኛ ታክማለች» እያሉ ይስቁብኝ ነበር። ከጤነኞቹ መካከል ግን ስንቱን ሲንቀጠቀጥ አግኝቼ አስገብቼዋለሁ። በሚያዝያ 2015 ሱዳን ውስጥ ጦርነት ተነስቶ ሰው ነፍሱን ይዞ በመተማ በኩል ሲገባ በዜና ሳይ፣ የታመመ ደግፈው የሚመጡትን ሰዎች ነበር የምመለከተው።

የሰሊጥ አጨዳ በየዓመቱ ይመጣል፤ ከየቤታችሁም ወደ ቆላ የሚወርድ ልጅ ይኖር ይሆናል። ትኩሳት ሲሰማው በ24 ሰዓት ውስጥ ይመርመር በሉት። ትኩሳቱ ከሁለት ሳምንት አልፎ ሰውነቱ ከከሳ፣ በግራ በኩል ሆዱ ካበጠ፣ ስለ ካላዛርም ይጠይቅ። ታሞ ተሸክመውት ሲመጡ ደግሞ፣ እሱን ካስተኛችሁት በኋላ መብራቱን አንሱና የተሸከመውን ሰው ፊት እዩት። «ደህና ነኝ» ይላችኋል። ግንባሩን ዳስሱት።